ከዘመሮ ገበያ እስከ ሰበር ችሎት፤ የቃል ውልና የጽሑፍ ውል

መንዝ ውስጥ ዘመሮ ገበያ በግ ሲሸጥ ወረቀት የሚያወጣ የለም። ገዥው ላቱን ይጨብጣል፣ ጥርሱን ያያል፣ ዋጋ ይቆርጣል፤ ሻጩ «ጨምር» ይላል፤ መሐል የገባ ሰው የሁለቱንም እጅ ይዞ ያማታቸዋል። ከዚያ ወዲያ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ማለት ነውር ነው። ገንዘቡ ከጎደለ «ቀሪውን ለሚመጣው ገበያ» ይባላል፤ አጠገባቸው የቆመ ይሰማል፤ ነገሩ አለቀ። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከሚደረጉ ውሎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። በእኩል የሚታረስ ማሳ፣ በርቢ የሚሰጥ በግ፣ ክረምቱን ለማለፊያ የሚበደሩት ገብስ፣ ለባና ሠሪ የሚሰጥ የበግ ጠጉር፣ ሁሉም በአፍ ተነግሮ በጆሮ የሚያዝ ነው።

ነገር የተበላሸ ለት ግን ባለጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወረቀት አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። የለኝም ካለ ግማሹ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። በአገሩ ሁለት እምነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንደኛው «የቃል ውል ሕግ ፊት አይቆምም» የሚል፣ ሁለተኛው «ወረቀት ካለኝ ማን ይነካኛል» የሚል። እኔ እስከገባኝ ድረስ ሕጉ ሁለቱንም አይልም። የሚለው ከሁለቱም የተወሳሰበ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጊዜው ያለፈበት ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በ1953 ዓ.ም መስከረም 1 ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለ ውል ፎርም የሚናገረው ቁጥር 1719 መነሻው ነጻነት ነው፤ ሕግ በተለይ ካላዘዘ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው ካልተስማሙ በቀር ውል የተለየ አደራረግ አያስፈልገውም፣ ሁለቱ ከተስማሙ ይጸናል ይላል። ስለዚህ የበጉ ሽያጭ ውል ነው። የርቢው ስምምነት ውል ነው። ልብስ ሰፊው ለፋሲካ አደርሳለሁ ብሎ ቀብድ ከተቀበለ ውል ነው። ቁጥር 1731 እንደሚለው ደግሞ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው፤ በአፍ የተደረገውንም በቀለም የተጻፈውንም አይለይም። የሚከራከር ሰው የሚጠበቅበት ውሉ መኖሩን ማስረዳት ነው፤ ማስረጃውም ጽሑፍ፣ ምስክር፣ የሕሊና ግምት፣ የባላጋራው እምነት ወይም መሐላ ሊሆን እንደሚችል ቁጥር 2002 ይዘረዝራል። ሦስት ሰው ሰምቶ እያለ «ወረቀት የለኝም» ብሎ ከፍርድ ቤት ደጅ የሚመለሰው የበግ ሻጭ በከንቱ ነው የሚመለሰው።

ይህ ነጻነት ከፈረንሳይ የመጣ ቢመስልም አገሩ ከጥንት የኖረበት ነው። የድሮ ውል የቆመው በሰሚ ላይ ነበር። እማኝ ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል፣ በንጉሡ ስም ይማላል፤ «ምኒልክ ይሙት»፣ በኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ያለ ሰው በቃሉ ባይገኝ በደሉ ከባላጋራው አልፎ በንጉሡ ላይ ይሆንበት ነበር። ባለዕዳ አልከፍል ካለ ከአበዳሪው ጋር በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይታሰራል፤ ቁራኛ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተያዘ ሰው ዋስ ሳይጠራ አይሄድም። ጽሑፍ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ከእነዚህ መዛግብት ብዙውን ተጠቅመዋል። መዛግብቱን ላየ ሰው ግን ከዋጋው ቀጥሎ የሚረዝመው የእማኞቹና የዋሶቹ ስም ዝርዝር ነው። ወረቀቱ ውሉን አያቆመውም፤ ማን ሰምቶ እንደነበር ያስታውሳል እንጂ። ስለ ቃልና ጽሑፍ ስንከራከር ይህን ብንይዝ ደግ ነው፦ የቃል ውል ባዶ አፍ ሆኖ አያውቅም።

መንዝ ውስጥ በቃል ጸንቶ የኖረው ትልቁ ውል የጓሳው ግጦሽ መሬት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለዱ ባለርስቶች የጓሳውን ሣርና ግጦሽ በጋራ ያስተዳድሩ ነበር። ሥርዓቱን ቀሮ ይሉታል። አካባቢው እየታየ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያሰማራ፣ እንጨት የሚለቅም አይኖርም። አለቆቹ በተጠቃሚው ይመረጣሉ፤ የሚዘጋበትም የሚከፈትበትም ቀን ቤተ ክርስቲያን ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነገራል። ደብተር የለም፣ ማኅተም የለም፤ ዘመናት አለፉ። የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ነው። ልብ በሉ፤ የፈረሰው በቃል ስለሆነ አልነበረም። ውሉን የሚሰሙትና የሚያስከብሩት ሰዎች ሥልጣናቸው በአንድ አዋጅ ስለቀረ ነው። ኋላ ማኅበረሰቡ ጓሳን መልሶ ሲይዝ በኮሚቴ፣ በጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብና በክልሉ ሕጋዊ እውቅና ነው፤ ዛሬ ሰሚው መንግሥት ስለሆነ መንግሥት በሚያነበው ቋንቋ ተጻፈ።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንመለስ። ሕጉ ነጻነትን መነሻ ካደረገ በኋላ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የዘመሮ ሰው የሚወድቀውም በእነዚህ ላይ ነው። ልዩ ሁኔታዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ካልተለያዩ ሁሉም ነገር ይምታታል። በአንዳንዱ ጉዳይ ጽሑፍ ከሌለ ውል ራሱ የለም፤ ቁጥር 1720 እንደሚለው የተደረገው ነገር ተራ ረቂቅ ነው። በሌላው ውሉ አለ፣ ሕያው ነው፣ ነገር ግን በምስክር ልታስረዳው አትችልም። የገንዘብ ብድር ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ችሎት ፊት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። አንድ ሰው ለጎረቤቱ 20,000 ብር ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆጥሮ ቢሰጥና ጎረቤቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አልወሰድኩም» ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ይመለሳሉ። ዳኛው ምናልባት በልባቸው ያምኗቸው ይሆናል፤ መስማት ግን አይችሉም። የቀረው በር ተበዳሪው እንዲያምን ወይም እንዲምል ማድረግ ነው። ሕጉ መሐላን መፍቀዱ ለአገራችን ልማድ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን የካደ ሰው ለመማል የማይፈራበት ዘመን ላይ ከደረስን በሩ ጠባብ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የመክፈሉ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ያው አንቀጽ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መከፈሉም በዚያው መንገድ ብቻ እንዲረጋገጥ ያዛል። ሲበደር ወረቀት ፈርሞ፣ ሲከፍል በእጁ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። አበዳሪው «ወረቀቱን አጥቼዋለሁ፣ አግኝቼ እቀደዋለሁ» ይለዋል። ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ይገኛል። አንዳንዴ የሚያገኘው የአበዳሪው ልጅ ነው፤ የአባቱን ዕዳ እያስከፈለ ነው፣ በቅን ልቡና። የከፈለው ሰው አሥር ምስክር ቢያመጣ አይሰማለትም። ስለዚህ ከብድር ወረቀት ይልቅ የመክፈያ ደረሰኝ ይበልጥ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመንደሩ ግን ደረሰኝ መጠየቅ አበዳሪውን እንደ መስደብ ይቆጠራል።

አሁን 500 የሚለውን ቁጥር እንየው። ሕጉ ሲታወጅ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር፤ 500 ብር 200 ዶላር ያህል ነው። የሕጉ አሳብ ግልጽ ነበር፤ ትልልቁን ብድር ጽሑፍ ይጠብቀው፣ የጎረቤት ትንንሽ ብድር ግን እንደ ጥንቱ በምስክር ይታይ። ለዚያ ዘመን ገበሬ 500 ብር በአንድ ቀን ከእጁ የማይወጣ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በ500 ብር በግ አይገዛም። ቁጥሩ ሳይነካ ገንዘቡ ስለረከሰ፣ ሕግ አውጪው በምስክር ይታይ ብሎ የተወው የድሃ ብድር በሙሉ ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳይመክርበት፣ ጽሑፍ ወደሚጠይቀው በኩል ተሻገረ። በ1952 ዓ.ም የተጻፈው ሕግና ዛሬ የሚሠራው ሕግ በቃላቸው አንድ ናቸው፤ በውጤታቸው ግን አይገናኙም።

ይህ ሕግ የመጣበት አገር ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈረንሳይ በ1566 (እ.ኤ.አ.) በሙላን ከተማ በወጣ ድንጋጌ ከ100 ሊቭር በላይ ያለ ጉዳይ በጽሑፍ እንዲሆን አዘዘች። በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ 150 ፍራንክ አለ። በኋላ ግን ቁጥሩን ከሕጉ አውጥታ በደንብ የሚወሰን አደረገችው፤ ኑሮ ሲወደድ ከፍ ይላል፣ አሁን 1,500 ዩሮ ነው። እንግሊዝም በ1677 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የሐሰት ምስክር በዝቶ ስላስቸገራት ነው። ብዙውን ቆይታ ሰርዛ የመሬትና የዋስትናን ጉዳይ ብቻ ለጽሑፍ አስቀርታለች። እኛ ግን ቁጥሩን ተውሰን የማሻሻያ መንገዱን ሳንወስድ ቀረን።

ቁጥር 2472ን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የገንዘብ ብድር እንጂ ዕዳ ሁሉ በዚህ አይገዛም። በግ በዱቤ ሸጦ ቀሪ 8,000 ብር ያልተከፈለው ሰው የሽያጭ ዋጋ ነው የሚጠይቀው፤ ሽያጩ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት ስለሆነ ፎርም አይፈልግም፣ በምስክር ይረጋገጣል። ነገር ግን በአገሩ አነጋገር ያልተከፈለ ሁሉ ብድር ይባላል። ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ «8,000 ብር አለኝ እሱ ላይ» ይለዋል፤ ጸሐፊው በልማዱ «አበድሬው» ብሎ ይጽፋል። በዚያች አንድ ቃል ምስክሮቹን ሁሉ አጣ። የሕግ ባለሙያ ቢያገኝ ኖሮ ዕዳው ከየት እንደመጣ ይጠይቀው ነበር። ስለ ገብስ ብድር ደግሞ፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ገንዘብ ስለሆነ በእህል የተበደረ ሰው ላይ በምስክር መከራከር ይቻላል የሚል ሙግት ማንሳት ይቻላል።

ሁለተኛው ትልቅ ወጥመድ ዋስ ነው። የመንደሩ ሥርዓት በሙሉ የቆመው በዋስ ላይ ነው፤ ሰው ገንዘብ የሚያበድረው ዋሱን አይቶ ነው፣ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ዋስ አስጠርቶ ነው። ሕጉ ግን ጽሑፍ ከማያስፈልጋቸው ውሎች መካከል ዋስትናን አልጨመረም፤ ቁጥር 1725 የዋስትናን ውል ከኢንሹራንስ ጋር አንድ ላይ አድርጎ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ እስከ ስንት ብር ዋስ እንደሆነ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ እቁብተኛ ፊት ቆሞ «እኔ አለሁለት» ያለ ሰው፣ በመንደሩ ዓይን ከተበዳሪው ይልቅ ታስሯል፤ በፍርድ ቤት ዓይን ግን ምንም አላደረገም። «ዋስ ነኝ» ብሎ ጽፎ የፈረመ እንኳን መጠኑን ካልጻፈ ነጻ ነው። የሕጉን ምክንያት እረዳለሁ፤ ዋስ የሚሆን ሰው በፍቅርና በይሉኝታ ነው የሚገባው፣ ምንም ሳይጠቀም ንብረቱን ያጣል፤ እንዲያስብበት ወረቀት ላይ ያቁመው ማለቱ ክፉ አይደለም። ችግሩ ይህን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነው። ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለገበሬው በቡድን ሲያበድር አባላቱን እርስ በርስ ዋስ እያደረገ በወረቀት አስፈርሟል፤ ሕጉን ያውቃል። እቁቡና መንደሩ ግን በአፍ ይቀጥላሉ፤ የካደ ዋስ እስኪገጥማቸው ድረስ።

ሦስተኛው ቤት ነው። እንደ ዘመሮ፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ቤት ሲሸጥ ሰው ወረቀትማ ይጽፋል። ጠበቅ ያለ ወረቀት ነው፤ ሦስት እማኝ ይፈርምበታል፣ «ውሉን ያፈረሰ ይህን ያህል ብር ይቀጣ» ተብሎ ገደብ ይገባበታል፣ ቡና ተፈልቶ ይመረቃል። የመንደር ውል ይሉታል። ነገር ግን ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ከመሆኑም ሌላ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል። ስለ ቤት ሽያጭ በተለይ የሚናገረው ቁጥር 2877 ግን ጽሑፍ እንጂ ምዝገባን አያነሳም። ሁለቱ አንቀጾች ጠበቆችን ለዓመታት ሲያከራክሩ ኖረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 21448 ቆረጠው፤ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ ውሳኔው በመላ አገሪቱ ሕግ ሆነ።

የዚህን ውጤት ማንም አሰላስሎ አልጠበቀውም። ከአሥር ዓመት በፊት ቤቱን በርካሽ ሸጦ ገንዘቡን የበላ ሰው፣ የቤት ዋጋ ሲንር ብድግ ብሎ «ውላችን ስላልተመዘገበ ይፍረስ» ይላል፤ ይፈርስለታልም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ የሚለው መርሕ ደግሞ ለገዥው የከፈለውን ያንኑ ዋጋ ያስመልስለታል እንጂ ብሩ በመካከሉ ምን ያህል እንደረከሰ አይቆጥርለትም። ሽማግሌዎቹ አፍረው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ሻጩ መዋዋሉን ያልካደ እንደሆነ በኋላ የመጡ አንዳንድ ውሳኔዎች ለዘብ ብለዋል፤ ቢሆንም ገዥ በዚህ ተማምኖ ቤት መግዛት የለበትም። የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 639 ባንኮችና አነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ለብድር መያዣ የሚያደርጉት የቤት መያዣ ውል በውል አዋዋይ ፊት መደረጉ ግዴታ እንዳይሆን አደረገ። ባንኩ ጊዜ እንዳይባክንበት ሕጉ ተሻሻለለት፤ ተራው ቤት ገዥ ግን እንደ ድሮው ነው። ሕጉ የሚቀለው ለሚችለው ሆነ።

የገጠር መሬት አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ የእርሻ መሬት ሽያጭ በቃልም ይሁን በማኅተም ከንቱ ነው፤ ወረቀት ማወፈሩ አያድነውም። ኪራይና እኩል ግን ይፈቀዳሉ። የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 133ን፣ በ2009 ዓ.ም ደግሞ በእርሱ ምትክ አዋጅ ቁጥር 252ን አውጥቶ የገጠር መሬት ኪራይን ደንግጓል፤ ፌዴራሉም በ2016 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1324ን አውጥቷል። ለአንድ ክረምት ብቻ በሚታረስ እኩል ላይ የሚጨነቅ የለም። ለረጅም ጊዜ የሚሰጥ ኪራይ ግን ተጽፎ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ አደጋው ለባለመሬቱ ነው፤ ይልቁንም ጉልበት ለሌላት ባልቴትና ከአገር ለወጣ ልጅ። በእኩል ሲያርስ የከረመ ሰው የይዞታ ደብተር በሚሰጥበት ቀን ማሳው ላይ ቆሞ ቢገኝ፣ ባለቤቷ ደግሞ ደብረ ብርሃን ልጇ ዘንድ ብትሆን፣ ለቆጣሪው ማን እንደሚነግርላት ገምቱ።

ሥራስ? በየዓመቱ ከመንዝ ተነስቶ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ፋብሪካና ግንባታ ቦታ የሚገባው ልጅ ብዙ ነው፤ አብዛኛው «ነገ ግባ» ተብሎ ነው የሚገባው። በዚህ ሕጉ ደህና ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በአፍም ይጸናል ይላል፤ አሠሪው ግን በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጠው ያዛል፤ ባይሰጠውም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የጽሑፉ ሸክም በደካማው ላይ አልተጣለም። የብድርና የዋስ ሕጎችም እንዲህ ያለ አሳብ ቢኖራቸው መልካም ነበር። የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ በግል አገልግሎት ተቀጥረው የሚሠሩ በመሆናቸው ሌላ ደንብ ይጠብቃቸዋል ተብሏል።

«ወረቀት ካለኝ ማን ይነካኛል» የሚለው ሁለተኛው እምነት ደግሞ ብዙ ሰው አቃጥሏል። ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ውል ቁጥር 1727 የተዋዋዮቹን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይጠይቃል፤ አንድ ምስክር ብቻ ያለበት ወረቀት ጉድለት አለበት። ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማም ሆነ የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም ተጀምሮ ብዙ ሰው ስሙን መጻፍ ቢማርም፣ በዕድሜ የገፉት ዛሬም ጣታቸውን ቀለም ነክረው ነው የሚፈርሙት። ስለዚህ የብዙ ሽማግሌ ዕዳ በቤት የታተመ አሻራ ላይ ተንጠልጥሏል። አንቀጹ የተጻፈው ያልተማረውን ሰው ለመጠበቅ ነው፤ ይጠብቀዋልም። ያልተማረው ሰው እንደ እሱ ላልተማረ ሲያበድር ግን ያው አንቀጽ ገንዘቡን ያስቀርበታል።

ወረቀት የጠንካራው መሣሪያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሕጉ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ከልክሏል፤ አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን አይጽፍም። 10,000 ብር ሰጥቶ «15,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሬያለሁ» ብሎ ያስፈርማል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ደግነትም ይመስላል። የፈረመ ሰው በጽሑፉ የሰፈረውን በምስክር ማፍረስ አይችልም ስለሚባል ተበዳሪው ጉሮሮውን ተይዞ ይከፍላል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ በአፍ ተበድሮ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ፍርድ ቤት ባይሰማቸውም ሽማግሌዎቹ ስንት እንደተቆጠረ አይተዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ የሚወረሰው ግን ውሸትም ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ደግሞ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ በዘለቀበት ጊዜ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ መዛግብት ተበትነዋል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ብዙ ወረዳዎች ላይ የፍርድ ቤትና የመሬት ጽሕፈት ቤት ሥራን አስተጓጉሏል። ሕጉ ለዚህ መውጫ አበጅቷል፤ ቁጥር 2003 በጽሑፍ መሆን የነበረበት ውል ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ከተረጋገጠ በምስክር ሊረጋገጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። በመጨረሻ፣ ወረቀቱ ሲቃጠል ሕጉ የሚመለሰው ወደ እማኙ ነው። ስለዚህ ወረቀት ያለው ሰው ምስክሮቹን ይንከባከብ፤ ወጣቱ ከአገር እየወጣ፣ ሽማግሌው እየሞተ ያለበት ዘመን ነው፤ ሲዋዋሉ ሁለት አዛውንት ብቻ ማቆም ነገ መቃብር ላይ ምስክር እንደ መፈለግ ነው።

አሁን ደግሞ ስልክ አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ግንቦት ከመጣ ወዲህ ብዙ ብድር የሚሄደው በስልክ ነው፤ የተላከበት ቀንና መጠን በመልእክት ይቀራል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ስላደረገ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ነገር ግን መልእክቱ ገንዘብ መሄዱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሄደ አያሳይም። ተቀባዩ «ለሠርጌ የሰጠኝ ነው» ወይም «የድሮ ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ቢል? በባሕረ ሰላጤው አገር ሠርታ ለወንድሟ ቤት ሥራልኝ ብላ የላከች እህት ይህ ይደርስባታል፤ ቤቱ በወንድሟ ስም ይቆማል፣ እሷ የላከችበት ደረሰኝ ክምር ይዛ ትመጣለች። ስትልክ «ለቤት ሥራ ያበደርኩህ» ብላ አንድ መስመር ብትጽፍና እሱም «እሺ ደርሶኛል» ቢል ግን ያ መልእክት በችሎት መከራከሪያ ይሆናት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የመንዝ ገበያ ወረቀት እንዲያወጣ ማስገደድ አያስፈልግም፤ በግ፣ ርቢ፣ ዱቤ፣ ቀብድ በቃል ይቀጥል፣ ሕጉም ይሸከመዋል። ሦስት ነገሮች ግን ከእንግዲህ በአፍ መደረግ የለባቸውም፤ የገንዘብ ብድር፣ ዋስትናና የቤት ሽያጭ። ለብድር መጠኑን በፊደል፣ ቀኑን፣ የሁለት ምስክር ፊርማ፤ ተበዳሪው ማንበብ የማይችል ከሆነ ወረዳው ፍርድ ቤት ድረስ አብሮ መሄድ። ለዋስ የመጨረሻው መጠን። ለቤት ምዝገባ፣ ከዚያ በፊት ብር አለመቁጠር። ሲከፈል ደረሰኝ፣ ባይወደድም።

ለሕግ አውጪው ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለ፤ የቤት ገዥን ስለሚጎዳው የቁጥር 1723 ጉዳይ ለባንክ የተደረገውን ማሻሻያ ያህል ጊዜ ሰጥቶ እንዲያየው፣ በቁጥር 2472 ላይ ያለውን 500 ብር ደግሞ ከሕጉ አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ በየጊዜው እንዲወስነው እንዲያደርግ። የመጀመሪያው ክርክር ያስነሳ ይሆናል። ሁለተኛው አንድ ገጽ አዋጅ ነው የሚፈልገው፤ እስካሁንም አልተጻፈም።